ማጨስ የተወው ጠመንጃ

ሲጋራ ማጨስን ለመተው የቆረጠ ሰው ከሐኪሙ ከሚቀበላቸው ምክሮች አንዱ ለራሱ ሽልማት እንዲያዘጋጅ ነው። ለትምባሆ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ በየቀኑ ለብቻው እያስቀመጠ፣ ስድስት ወር ወይም ዓመት ሲሞላው ከዚያው ገንዘብ ሲመኘው የኖረውን ዕቃ ይገዛል። አደን የቆየ ልማድ በሆነባቸው በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ገጠሮች ከሚመኟቸው ዕቃዎች አንዱ ጥሩ የአደን ጠመንጃ ነው፤ ያውም እየተኮሰ ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው ዘመናይ መሣሪያ ሳይሆን፣ አያቶች ይይዙት የነበረው፣ መዝጊያው እንደ በር መቀርቀሪያ በእጅ ተስቦና በእጅ ተገፍቶ በየጥይቱ የሚቀባበለው ጠመንጃ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ፈገግ ያሰኛል። ሳንባውን ከሞት ለማዳን የታገለ ሰው ለድካሙ ዋጋ የመግደያ መሣሪያ ይሸለማል። ክራር ወይም የሥዕል ብሩሽ ቢመርጥ ምን ነበረበት የሚል አይጠፋም። ይሁንና ሲጋራና በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ መጀመሪያ የተገናኙት በዚህ ሰው እጅ አይደለም። ሁለቱም ዛሬ የምናውቀውን መልካቸውን የያዙት በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ነው። በአንድ ምሽግ አብረው ውለዋል፤ አንዱ የሌላውን ባለቤት ለሞት አሳልፎ ሰጥቷል፤ ወደ ድሆች አገሮች የተላኩበትም ምክንያት ሲመረመር እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል።

ከሁለቱ አስቀድሞ ማጨስ የጀመረው ጠመንጃው ነው። ሠራዊቶች ለብዙ መቶ ዓመታት የተዋጉበት ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባለው ጨው የሚቀመም ሲሆን፣ በሚቃጠልበት ጊዜ ከክብደቱ እኩሌታ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ በጭስና በጥቀርሻ መልክ ይቀራል። በድሮ የአውሮፓ የጦርነት ሥዕሎች ላይ ሠዓሊው ሰልፈኛውን በነጭ ደመና የሚሸፍነው ለውበት ብሎ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ወታደሩ ጠላቱን ቀርቶ ጎኑ የቆመውን ጓዱን አያይም ነበር። ተኳሹ ከቁጥቋጦ ሥር ቢደበቅም ከአፈሙዙ የሚወጣው ጭስ ያለበትን ቦታ ይናገርበታል። በርሜሉም በጥቀርሻ እየተደፈነ በየጊዜው በውኃ መታጠብ ነበረበት።

በመቀርቀሪያ የሚዘጋው ጠመንጃ ይህን ችግር ሳያስወግድ ሌላውን ችግር አስወገደ። እ.ኤ.አ. በ1841 የፕሩሲያ መንግሥት ለሠራዊቱ የተቀበለው፣ ድራይዘ የተባለው ባለሙያ የሠራው ጠመንጃ ከበስተኋላው ስለሚጎርስ ወታደሩ በሆዱ ተኝቶ ይተኩስበታል። በአፈሙዝ የሚያጎርሰው ጠላቱ ግን መቆም ግድ ይሆንበታል። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚመዝን በ1866 ኦስትሪያ ስትሸነፍ ዓለም አየ። በ1874 ደግሞ ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ባለ ናስ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ጠንካራና ለአያያዝ ቀላል የሆነ ጠመንጃ ለአገሩ ሠራዊት አበረከተ። በአሠራሩ ረገድ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም። ግን አሁንም ያጨስ ነበር።

ማጨስ የተወው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በናይትሪክ አሲድ ከተዘጋጀ የዕፅዋት ጭረት (ጥጥን ከመሰለ ነገር ማለት ነው) የሚሠራ፣ ጭሱ እምብዛም የማይታይ አዲስ ባሩድ አገኘ። ፈረንሳይ በ1886 ለቤል የተባለውን ጠመንጃ በዚህ ባሩድ አስታጠቀች። አዲሱ ባሩድ ከአሮጌው ይልቅ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ጥይቱ ቀጠነ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ርቀቱ ረዘመ። ተኳሹም ተሰወረ። የአውሮፓ መንግሥታት በድንጋጤ ተነሥተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሮጌ መሣሪያቸውን በሙሉ ለወጡ። የዚህ ሩጫ መጨረሻ የሆነው ጠመንጃ በደቡብ ጀርመን ኦበርንዶርፍ በምትባለው ትንሽ ከተማ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ የነበረው ፓውል ማውዘር የሠራው፣ የጀርመን ሠራዊት በ1898 የተቀበለው ነው። ማውዘር ለሙያው ዓይኑን ከፍሎበታል፤ በ1901 አንድ አዲስ መሣሪያ ሲሞክር አደጋ ደርሶበት አንድ ዓይኑ ጠፋ።

ጠመንጃው ጭሱን በተወባቸው በእነዚያው ዓመታት የሰው አፍ እንደ አዲስ ማጨስ ጀመረ። ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ወደ ሌላው ዓለም ከወጣ ያን ጊዜ ወደ 400 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ይሁንና በፒፓ የሚጨስ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ወይም የሚታኘክ ነበር እንጂ በወረቀት የተጠቀለለው ሲጋራ የጥቂቶች ነገር ነበር። ምክንያቱም በእጅ ይጠቀለል ነበርና ነው። ፈጣን የተባለች ሠራተኛ በቀን 3 ሺህ ገደማ ትጠቀልላለች። ጄምስ ቦንሳክ የተባለ የቨርጂንያ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1880 የሠራው መኪና ግን በቀን 120 ሺህ ያህል ሲጋራ የሚያወጣ ሆነ። መኪናውን ቀድሞ የተጠቀመበት የትምባሆ ነጋዴ ጄምስ ዱክ ወዲያው አንድ ችግር ገጠመው፤ ይህን ሁሉ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ስለዚህ ሰውየውም እንደ ሲጋራው መሠራት ነበረበት። በማስታወቂያ፣ በፓኮ ውስጥ በሚገባ የሥዕል ካርድ፣ በርካሽ ዋጋ ተሠራ።

የቀረውን የሠራው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖች ወጣቶች በአንድ እጃቸው በእጅ የሚቀባበለውን ጠመንጃ፣ በሌላው ሲጋራ ይዘው በጭቃ ምሽግ ውስጥ ከረሙ። መንግሥታት ትምባሆን ከዳቦና ከጥይት ጋር በስንቅነት አደሉ፤ ወላጆችና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች በጥቅል በጥቅል ወደ ግንባር ላኩ። ብዙው ሰው ማጨስን የተማረው እዚያ ነው። ሌላም ነገር እዚያ ተማረ። ወታደሮቹ በአንድ ክብሪት ሦስት ሲጋራ መለኮስ ሞት ነው ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ሲለኮስ ባላንጣው ተኳሽ ብርሃኑን ያያል፤ ሁለተኛው ሲለኮስ ያነጣጥራል፤ በሦስተኛው ይተኩሳል። ነገሩ ከጊዜ በኋላ መነሻው የተረሳ የገድ እምነት ሆኖ በሰላማዊ ሰው ዘንድ ሁሉ ቢሰራጭም፣ ሒሳቡ የጠመንጃ ሒሳብ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ተኳሹን ሰውሮታል፤ አጫሹን ግን የሚሰውረው የለም።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምስክር አንድ ደራሲ ነው። ሳኪ በሚል የብዕር ስም አጫጭር ልብ ወለዶችን ይጽፍ የነበረው እንግሊዛዊ ሄክተር ሂዩ መንሮ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ዕድሜው ሳያስገድደው በተራ ወታደርነት ዘመተ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ቦሞን አሜል በምትባል መንደር አጠገብ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከጓዶቹ ጋር በአንድ የመድፍ ጉድጓድ ውስጥ ተጠልለው ሳሉ አንዱ ሲጋራ ለኮሰ። አብረውት የነበሩት እንደተረኩት፣ መንሮ ያቺን ሲጋራ አጥፋ ብሎ በቁጣ ተናገረ፤ ወዲያው የጀርመን አልሞ ተኳሽ ጥይት መታው። ቃሉም ጥይቱም አንድ ሆኑ። ሲጋራ መተው ነፍስ እንደሚያድን የሚገልጽ ከዚህ ያጠረ ድራማ የጻፈ ተውኔት ደራሲ ያለ አይመስልም፤ ያሳዘነው ማስጠንቀቂያውን የሰጠው ሰው መሞቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአውሮፓ ሠራዊቶች በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ጭስ አልባውን ጠመንጃ ሲይዙ፣ የሚያጨሱት ጠመንጃዎች ወዴት ሄዱ? አልቀለጡም። ነጋዴዎች ከየመንግሥታቱ መጋዘን በርካሽ እየገዙ፣ በመርከብ እየጫኑ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች አወረዷቸው። ከዚያ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የአገራችን ሕዝብ ስማቸውን በራሱ አፍ እያለዘበ ተቀበላቸው። የፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ «ውጅግራ» ሆነ፤ የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር»፣ ለቤል «ለበን»። ከስሞቹ መካከል ለሽለላና ለቀረርቶ ከሁሉ የተመቸው ውጅግራ፣ ፈረንሳይ ጭሱን ጠልታ የጣለችው ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃን በሽልማትነት መስጠትና መቀበል በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ጀግና ለምድና ጎፈር፣ ጋሻና ጦር እንደሚሸለም ሁሉ ጠመንጃም ይሸለም ነበር። በታሪካችን ውስጥ ከሁሉ ከባድ ውጤት ያስከተለው የጠመንጃ ሽልማት ግን ለአንድ ተዋጊ የተሰጠ ሳይሆን ለአንድ ገዥ የተሰጠ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የትግሬው ገዥ ካሣ ምርጫ ሠራዊቱ በግዛታቸው በሰላም እንዲያልፍና ስንቅ እንዲያገኝ ፈቀዱ። ጄኔራል ናፒየር ሲመለስ ውለታውን በመድፍ፣ በጠመንጃና በጥይት ከፈለ። ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ካሣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት በዚያ መሣሪያ ድል አድርገው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

እኒሁ በሽልማት ጠመንጃ ለዙፋን የበቁት ንጉሥ ደግሞ የትምባሆ ብርቱ ጠላት ነበሩ። ትምባሆ በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ነውር ሆኖ ሲቆጠር የኖረ ሲሆን፣ ዮሐንስ ነውሩን ወንጀል አደረጉት። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት የሚያጨስ ሰው ቅጣቱ ከንፈሩን እስከመቆረጥ ይደርስ ነበር። ሱረት ለሚስብ ደግሞ አፍንጫው ነበር ይባላል። በደቡብና በምዕራብ አገራችን ያለው ገበሬ ግን በቅል በተሠራ ጋያው ትምባሆውን በውኃ እያጣራ ማጨሱን አላቋረጠም።

በጭካኔው ዮሐንስ ብቻቸውን አልነበሩም። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን በሞት ቅጣት ከልክሏል፤ የሩሲያው ዛር ሚካኤል በ1634 አፍንጫ እንዲቆረጥ አዟል፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1604 በራሱ እጅ የተቃውሞ ጽሑፍ ጽፎ አሳትሟል፣ ቀረጡንም እጅግ ከፍ አድርጓል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዕድሜ ያገኘው የጄምስ ቀረጥ ብቻ ነው። መንግሥታት ከተቆረጠ አፍንጫ ምንም እንደማይገኝና ከሚያጨስ አፍንጫ ግን ገቢ እንደሚገኝ ሲረዱ፣ ክልከላውን ትተው ንግዱን በእጃቸው አደረጉ። ፈረንሳይ በ1674 ይህን አደረገች። በእኛም አገር በ1934 ዓ.ም. ትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ፤ ከንፈር ይቆረጥበት በነበረው አገር ሲጋራ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆነ።

ያረጀ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ይመጣ እንደነበረ ለማየት የአንድን ነጋዴ ጉዞ መከተል ይበቃል። አርተር ራምቦ በፈረንሳይ ቅኔ ውስጥ ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠራ ሲሆን፣ ግጥም መጻፍን ገና በ20 ዓመቱ ገደማ ትቶ በመጨረሻ ኤደንና ሐረር ገብቶ ነጋዴ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ደረሰ። ጠመንጃዎቹ ግን ውጅግራ እንኳ አልነበሩም፤ አውሮፓ ከጣላቸው ብዙ ጊዜ የሆናቸው፣ ከመቀርቀሪያው ዘመን በፊት የነበሩ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ነበሩ። ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ተቀበሉት፤ የሟች ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ እየጠቀሱም ካሰበው ዋጋ ብዙ ቀነሱበት። ምኒልክ መሣሪያ አዋቂ ነበሩ። ቅኔን የተወው ሰው ለራሱ የመረጠው ሽልማት በኪሣራ ተጠናቀቀ።

ምኒልክ ከዚያ በኋላ ከፈረንሳይም፣ ከኢጣሊያም፣ ከሌላም እያገላበጡ ያከማቹት መሣሪያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ምን እንዳደረገ መድገም አያስፈልግም። መነገር ያለበት ሌላ ነው። የዚያ መሣሪያ ሌላው ፊት ወደ ደቡብ ዞሮ ነበር፤ ነፍጥ የያዘው ሰው «ነፍጠኛ» ተብሎ በገባሩ ላይ የተጫነበት ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጠመንጃ ነው። ለአንዱ የተሰጠውን ሽልማት ሌላው በጉልበቱ ከፍሏል። ደግሞም ውጅግራ ዕድሜው ባለቀበት ጊዜ አላረፈም። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ከተሠራ 60 ዓመት የሆነው ይኸው የሚያጨስ ጠመንጃ ከማያጨሰው የኢጣልያ ጠመንጃ፣ ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ፊት ቆመ። ያ ጭስ ለስንቱ አርበኛ የመገኛው ምልክት እንደሆነ የቆጠረ የለም።

አሁን ወደዚያ ሱቅ ውስጥ ወደቆመው ሰው እንመለስ። ጠመንጃን ከጦርነት ውጭ፣ በእውነተኛ የሽልማት ስሜት የመቀበልን ነገር ለመረዳት ከጂም ኮርቤት ታሪክ የተሻለ አይገኝም። ኮርቤት በህንድ አገር ኩማኦን በሚባለው ተራራማ አውራጃ የተወለደ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበረ፣ እሱም አጫሽ የነበረ አዳኝ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በሻምፓዋት ስም የታወቀች አንዲት ሰው በላ ነብር (የህንዱ፣ ዥንጉርጉሩ ትልቁ ዓይነት ነው) በመንግሥት ቆጠራ መሠረት 436 ሰዎችን ፈጀች። ኮርቤት እንዲገድላት ሲጠየቅ ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ በነብሯ ራስ ላይ የተቆረጠው የገንዘብ ሽልማት እንዲሰረዝ ነበር፤ ለገንዘብ ሲል የሚያድን ተብሎ መቆጠርን ጠላ። እ.ኤ.አ. በ1907 ገደላት። ከዚያ በኋላ የክፍለ ሀገሩ ገዥ የነበሩት ሰር ጆን ሂዌት የለንደኑ ሪግቢ ኩባንያ በማውዘር መቀርቀሪያ የሠራውን ቀላል ጠመንጃ፣ ምክንያቱን የምትገልጽ የብር ሰሌዳ በሰደፉ ላይ አስለጥፈው ሰጡት። ይህን ተቀበለ። ገንዘቡንና ጠመንጃውን የለያቸው ነገር ዋጋቸው አይደለም። አንዱ ከሥራው በፊት የተቆረጠ ደመወዝ ነው፤ ሌላው ከሥራው በኋላ የመጣ ምስክር ነው። ኮርቤት በዚያ ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት አደነ፤ በስተኋላ ግን ነብርን በፊልም ካሜራ ማንሣት ከመግደል ይልቅ የሚያስደስት ሆኖ አገኘው።

ታዲያ ጥሩ ጠመንጃ የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው? የማውዘር 1898 ሥሪት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ የሚቀዳው በሦስት ነገሮች ነው። በመቀርቀሪያው ጎን የተዘረጋው ረጅም ጥፍር ቀለሁን ገና ከካዝናው ብቅ ሲል አንቆ ይይዘውና ተተኩሶ እስኪወረወር ድረስ አይለቀውም። ስለዚህ ጠመንጃው ቢዘቀዘቅ እንኳ ጥይቱ መንገድ አይስትም፤ አደገኛ አውሬ ፊት ለቆመ ሰው ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው። በመቀርቀሪያው ፊት ሁለት ጥርሶች ግፊቱን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ ቢሰበሩ የሚተካ ሦስተኛ ጥርስ ከኋላ ተቀምጧል። ቀለሁ ቢፈነዳ ደግሞ እሳቱ ከተኳሹ ፊት ርቆ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዘጋጅቶለታል። ዓይኑን በሙከራ ያጣ ሰው ያለበት ሙያ ስለ ተኳሹ ዓይን ማሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም። የኦስትሪያው ማንሊኸር ሾናወር የ1903 ሥሪት በልስላሴው ይበልጣል ይባላል፤ መቀርቀሪያው በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ነው። ሁሉም ግን የሚመሰገኑት የብረት ሠራተኛው ጊዜ ወስዶ ከአንድ ወጥ ብረት ስለፈለፈላቸው ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የታሪክ ግጥምጥሞሽ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚገልጸውን ታላቅ ሪፖርት አወጣ። በዚያው ዓመት ከ1936 ጀምሮ ይሠራ የነበረውና በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ ከሁሉ የተወደደው ዊንቸስተር 70 የተባለው ጠመንጃ ወጪ ለመቀነስ ሲባል አሠራሩ ተለወጠ፤ ረጅሙ ጥፍር ቀረ፣ ፍልፍሉ በቅጥቅጥ ተተካ። አዳኙ ይህን ወዲያው አወቀ። እስከ ዛሬ ድረስ «ከ64 በፊት» የተሠራው በዋጋ ይለያል፤ ፋብሪካውም ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ጥፍሩ ለመመለስ ተገደደ። ሲጋራን ለመተው በቂ ምክንያት በተሰጠበት ዓመት፣ ሲጋራ ለተወ ሰው ሊሸለም የሚገባው ጠመንጃ ተበላሸ ማለት ነው። በሁለቱም ነገር ኩባንያው የሚያስበው ስለ ገዥው እንዳልሆነ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ለ1964ቱ ሪፖርት መሠረት ከጣሉት መካከል ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጡት ጥናት የሳንባ ካንሰርንና ሲጋራን አያያዘ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ የገዛ ጥናቱን ውጤት አይቶ አቆመ። ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ያህል ሠርቶ በ92 ዓመቱ በ2005 አረፈ። የእሱ ሽልማት ይኸው ነበር። ለሌላው ሰው ግን ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣ ዕድሜ ዛሬ ጧት ከሚያምር ጭስ ጋር ሲመዘን ይቀልበታል፤ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ሽልማት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ይህም ተፈትኗል። በ2009 በታተመ ጥናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ 878 አጫሽ ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ምክር ብቻ፣ እኩሌቶቹ ምክርና እስከ 750 ዶላር የሚደርስ ሽልማት ቀረበላቸው። ምክር ብቻ ካገኙት 5 በመቶዎቹ፣ ሽልማት ከተጨመረላቸው ወደ 15 በመቶ የሚጠጉት ሲጋራን ትተው ቆዩ። ሽልማቱ ካበቃ በኋላ ከሁለቱም ወገን የተመለሱ ነበሩ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ሙራድ በሰይፍ ያላገኘውን በጥቂቱም ቢሆን ዶላር አገኘው።

በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በዓመት 7300 ሲጋራ ያቃጥላል። ይህን በብር ወይም በዶላር መንዝሮ የሚያይ ሰው ለአሥር ዓመት ሊገዛው የሚችለውን ጠመንጃ፣ ወይም መሬት፣ ወይም የልጅ ትምህርት በጭስ እንዳወጣው ይረዳል። ነገር ግን ባለጸጎቹ አገሮች ሒሳቡን አውቀው ማጨስን መቀነስ ሲጀምሩ፣ የ1880ዎቹ የጠመንጃ ታሪክ ራሱን ደገመ። ፋብሪካው አልቆመም፤ ሸቀጡ መንገዱን ለወጠ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1966 ከመቶ ጎልማሳ ወንዶች ከ80 የሚበልጡት ያጨሱ ነበር፤ በ2018 ከ30 በታች ወረዱ። በዚሁ መካከል ጃፓን ቶባኮ የተባለው የዚያው አገር ኩባንያ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ድርሻ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2010 ዓ.ም. ተጨማሪ 31 በመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለኒያላና ለግስላ ፓኮ አይደለም፤ ገና ማጨስ ላልጀመረው ወጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ ከአምስት የዓለም አጫሾች አራቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስንና ሲጋራን ማስተዋወቅን ከልክላለች፤ ከአፄ ዮሐንስ ወዲህ ይህን ያህል የጠነከረ ትምባሆን የሚመለከት ሕግ አልወጣም፣ ደግነቱ ከንፈር አይነካም። ምኒልክ የራምቦን ሸቀጥ ገልብጠው እንዳዩ ሸቀጡን ገልብጦ የሚያይ ገዥ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

በዕድሜ የገፋ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሰደፉን ወይም ጌጡን አይመለከትም። መቀርቀሪያውን ስቦ ያወጣና በርሜሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ከበስተኋላው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይበታል። በደንብ ያልተወለወለ በርሜል ባሩዱና ካፕሱሉ የተዉበት ጨው እየበላው ውስጡ በጥቋቁር ነጥቦች የተቦረቦረ ይሆናል፤ ከውጭ ቢያብረቀርቅ ዋጋ የለውም። ሲጋራ በተወ በዓመቱ ሱቅ ውስጥ የቆመው ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ነጥቦቹን ካየ ጠመንጃውን መልሶ ያስቀምጥና ሌላውን ያነሣል።